በረንዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር

ኦስሎ ውስጥ ሐስለ ከሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ በእግሩ የተጓዘ ሰው በአዳዲስ አፓርታማዎች መካከል አንድ ኩሬ ያገኛል። ዙሪያውን ሸምበቆ በቅሎበታል፤ ዳክዬዎች ይንሳፈፉበታል። ትምህርት ቤት አጠገቡ ስላለ በዕረፍት ሰዓት የልጆች ጫጫታ ውኃውን ተሻግሮ ይሰማል። ስሙ ቴግልቨርክስዳመን ነው። የጡብ ፋብሪካው ኩሬ እንደ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ድሮ ጡብ ይመረትበት ነበርና። እንግዳ ሰው ኩሬውን ሲያይ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የነበረ ይመስለዋል። ውኃው ግን ሆቪንቤከን የሚባል ጅረት ነው፤ ለብዙ አስርት ዓመታት ከአስፋልት ሥር በቱቦ ሲሄድ ኖሮ እዚህ ቦታ ፀሐይ ያየው በ2015 ነው። (በዚህ ዘገባ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኦስሎ ሰዎች ጅረቶቻቸውን የቀበሩት ጠልተዋቸው አይደለም። ፋብሪካው ሲበዛና ሰፈሩ ሲጠብ ጅረቶቹ የቆሻሻ መውረጃ ሆኑ፤ ሸተቱ፤ በሽታ አመጡ። ቱቦ ውስጥ ከትቶ ላያቸው ላይ መንገድና ቤት መሥራት በዘመኑ ንጽሕናም ሥልጣኔም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የባንተ ይቅጡን ወይም የግንፍሌን ወንዝ በቅርብ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም።

ጣጣው የመጣው ቆይቶ ነው። ኦስሎ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ አይደለችም። ከ1991 እስከ 2020 ባለው አማካይ መሠረት በዓመት የምታገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 836 ሚሊሜትር ግድም ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ግን ለሳምንት የሚንጠባጠብ ካፊያና በአንድ ሰዓት የሚወርድ ዶፍ በሚሊሜትር እኩል ቢሆኑ እንኳ ከተማ ላይ የሚያደርሱት ነገር ለየቅል ነው። አየሩ ሲሞቅ የሚሸከመው እርጥበት ይጨምራል፤ የተሸከመውንም ባንዴ ያፈሰዋል። ሐምሌ 2011 ላይ ጎረቤት ኮፐንሃገን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ወረደባትና መንገዶቿ ወንዝ ሆኑ፤ ምድር ቤቶች በፍሳሽ ተሞሉ። የስካንዲኔቪያ ከተሞች ሁሉ ያን ቀን አልረሱትም። ቱቦ አንዴ ከተቀበረ የሚይዘው ያንኑ ልክ ነው፤ ሰማዩ ግን ልኩን ቀየረ።

ኦስሎ በ2013 የዝናብ ውኃ ስትራቴጂ አወጣች። ሐሳቡ ለገበሬ ቢነገር አዲስ አይሆንበትም፦ ትንሹን ዝናብ አፈሩ ይጠጣው፤ መካከለኛው ያዝ ተደርጎ ይቆይ፤ ትልቁ ደግሞ ማንንም ሳይጎዳ የሚያልፍበት መንገድ ይበጅለት። እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የሚሠራ የሸዋ ወይም የኮንሶ ሰው ይህን ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። የተቀበሩትን ጅረቶች ማውጣቱም የዚሁ አካል ነው። በ2004 ሆላሎካ በሚባል ቦታ አልና ወንዝ ተከፈተ፤ በ2013 ብየርከዳለን በሚባል ሰፈር ሆቪንቤከን ራሱ ለ300 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ የጡብ ፋብሪካው ኩሬ ተከተለ።

እዚህ ላይ መሐንዲስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሥራው አጭር ነበር። ውኃ የሚያቆይ ነገር ከተፈለገ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ከመሬት በታች ቀብሮ መጨረስ ይቻላል። ነገር ግን ኦስሎ ውስጥ ለየወንዙ የቆሙ የበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች አሉ፤ ኦስሎ ኤልቨፎሩም በሚባል ጥላ ሥር ተሰባስበው ማዘጋጃ ቤቱን ለዓመታት ሲወተውቱ የኖሩ ናቸው። ከወንዙ ዳር ሲመላለሱ የሚውሉ፣ ዓሣው የት እንቁላል እንደሚጥልና ሰኔ ላይ ውኃው እስከየት እንደሚሞላ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ጅረቶቹ የሚያልፉበት የግሮሩድ ሸለቆ ደግሞ ከ140 ሺህ ያላነሰ ሰው፣ ከዚያም ውስጥ በጣም ብዙ ከሌላ አገር የመጣ ቤተሰብ የሚኖርበት ምሥራቃዊው የከተማው ክፍል ነው። መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ ከ2007 እስከ 2016 በሸለቆው ላይ አብረው ገንዘብ ሲያፈሱ ጅረቶችን ማውጣት ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። ነዋሪው የፈለገው የጎርፍ መከላከያ አልነበረም። ጎርፍ በዐሥር ዓመት አንዴ ይመጣል፤ ልጅ ግን በየቀኑ ይጫወታል። እናት የምትፈልገው ዳሩ ገደል ያልሆነ ውኃ፣ ሽማግሌው የሚፈልገው አግዳሚ ወንበር፣ ልጁ የሚፈልገው የሚንቦጫረቅበት ቦታ ነው። ስለዚህ የጡብ ፋብሪካው ኩሬ ዳር ዳሩ ጥልቅ አይደለም፤ ውኃው ሲገባ ደለሉን የሚጥልበት፣ ከዚያ በሸምበቆ መካከል የሚጣራበት ቦታ አለው። ዶፍ ሲመጣ ያው ኩሬ ከፍ ብሎ ውኃውን ይይዛል። ዓመቱን ሙሉ መናፈሻ ነው፤ በጥቂት ሰዓታት ብቻ የጎርፍ መከላከያ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ስብሰባ ጠርቶ ሐሳብ መቀበል በኖርዌይ የከተማ ፕላን ሕግ ውስጥ ያለ ግዴታ ነው። የሚመጣው ግን ጊዜ ያለውና ቋንቋውን የሚችለው ነው። ጎሕ ሳይቀድ ቢሮ ለማጽዳት የምትወጣ፣ ማታ ልጅ የምታስተኛ የአገራችን ልጅ ስለ ዝናብ ውኃ ስብሰባ የማዘጋጃ ቤቱን ደብዳቤ አንብባ ትሄዳለች ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ምድር ቤት ውስጥ ያለ ርካሽ ክፍል የሚከራየው ግን ብዙ ጊዜ እንደ እሷ ያለው ነው። ፍሳሹ ወደ ኋላ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ስለዚህ በስብሰባ ብቻ የሚመጣ ተሳትፎ ላይ ያለኝ እምነት ትንሽ ነው። ኦስሎ ውስጥ ዓይኔን የከፈተው ሌላ ዓይነት ተሳትፎ ነው፤ ማንም ስብሰባ ያልጠራበት።

*

የኖርዌይ ሚቲዎሮሎጂ ተቋም ዋና መሥሪያ ቤት ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ብሊንደርን ላይ ነው። የተቋቋመው በ1866 ነው፤ ከአድዋ ጦርነት ሠላሳ ዓመት ቀድሞ። በ2007 ተቋሙ ከብሔራዊው ማሠራጫ ጋር ሆኖ አንድ ድረ ገጽ ከፈተ። ስሙ ይር ነው፤ በኖርዌይኛ ካፊያ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ተቋሙ መረጃውን ሁሉ በነፃ ለቀቀ፤ ያን ጊዜ ብዙዎቹ የአውሮፓ ተቋማት መረጃቸውን ይሸጡ ነበር። ዛሬ ኦስሎ ያሉ ወገኖቻችን ይርን ሳያዩ ከቤት አይወጡም። አውቶቡስ የሚነዳው፣ ሕፃናት ማቆያ የምትሠራው፣ ቅዳሜ ሠርግ ያለበት፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ካፊያን ይጠይቃል።

ኦስሎ ግን ለትንበያ አስቸጋሪ ከተማ ናት። ፊቷ ባሕር፣ ኋላዋ ጫካ የለበሰ ኮረብታ፣ መካከሏ ጎድጎድ ያለ። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው «የኦስሎ ድስት» ይሉታል። ክረምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ወደ ድስቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ፣ ሆልመንኮለን በሚባለው ሰፈር፣ ከበረዶ መንሸራተቻው አጠገብ የቆመ ሰው መሐል ከተማ ካለው የተሻለ ይሞቀዋል። ደጋው ሞቆ ቆላው የሚቀዘቅዝበት ሌሊት! የተቋሙ የኮምፒውተር ሞዴል መሬቱን 2.5 ኪሎ ሜትር በ2.5 ኪሎ ሜትር እየከፋፈለ ያያል። ይህ ጥሩ ዓይን ነው፤ ግን አንድ ሰፈርና ከሱ በላይ ያለው ሰፈር በአንድ ቁራጭ ውስጥ ይወድቃሉ። መንግሥት ያቆማቸው መለኪያ ጣቢያዎች ደግሞ በመላ አገሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው እንጂ በየሰፈሩ አይገኙም።

በዚሁ ጊዜ ውስጥ ሰዎች ለራሳቸው ብለው አንድ ዕቃ እየገዙ ነበር። ኔታትሞ የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ የሚሸጠው ትንሽ መለኪያ ነው፤ አንዱ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው በረንዳ ላይ ይሰቀላል። የገዛው ሰው ሐሳቡ ዛሬ ልጄን ምን ላልብሳት የሚል ነው። መለኪያው ግን በኢንተርኔት ቁጥሩን ይልካል፤ በአገሩና በጎረቤቶቹ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ መለኪያዎች አሉ። የብሊንደርን ሰዎች በ2018 እነዚህን የበረንዳ ቁጥሮች ወደ ይር የሙቀት ትንበያ አስገቧቸው።

በጎ ሐሳብ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ትልቁ ሥራ ማጣራቱ ነበር። አንዱ መለኪያውን ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ሌላው ኩሽና መስኮት ሥር፤ ሌላው ቤት ውስጥ ረስቶታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ከጎረቤቶቹ ጋር ያስተያየዋል። አካባቢው ሁሉ ከዜሮ በታች አምስት እያለ ብቻውን ከዜሮ በላይ አራት የሚለው ይጣላል። ምስክር በምስክር ይጣራል። የቀሩት ሲሰበሰቡ ድስቱ የት ጋ እንደቀዘቀዘ፣ ቅዝቃዜው የትኛው ሰፈር ላይ እንደሚያበቃ ያሳያሉ፤ ሞዴሉም በዚያው ይታረማል። ባለ በረንዳው በማግሥቱ ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው ትንበያ የራሱ መለኪያ ያረመው ነው።

ይህን ነው ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው። ማንም ባለ በረንዳውን አልሰበሰበውም፤ አበልም አልከፈለውም፤ ቅጽ ሙላ አላለውም። የሰጠው ነገር አለ፤ የሰጠውም በማግሥቱ ተመለሰለት።

*

ነገሩ በኔታትሞ የተጀመረ አይደለም። ሥሩ መቶ ዓመት ያልፈዋል፤ የተተከለውም በችግር ዘመን ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኖርዌይ አልተዋጋችም፤ ግን እህል አጥሯት ነበር። እህል በመርከብ ነበር የሚመጣላት፤ መርከብ ደግሞ ይሰምጣል። የገዛ መሬቷ የሚሰጣት እያንዳንዱ ዘለላ ዋጋ አወጣ። ከዚህ በላይ ሌላ ችግር ነበር። የኖርዌይ አየር የሚመጣው ከምዕራብ፣ ከባሕሩ ነው፤ ምን እየመጣ እንደሆነ የሚነግሯት የእንግሊዝና የአትላንቲክ ቴሌግራሞች ነበሩ። በጦርነቱ ምክንያት እነሱ ተቋረጡ። ትንበያ ሰጪው ታወረ።

ቪልሄልም ቢያርክኔስ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ያን ጊዜ በርገን ነበር። በ1917 ነው ከጀርመን የተመለሰው። በ1918 መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጉናር ክኑድሰንን አነጋገረና ለገበሬው የበጋ ትንበያ ለመስጠት ድጋፍ አገኘ። የምዕራብ ኖርዌይ ገበሬ ትልቁ ጭንቀቱ ድርቆሽ ነበር። ሣሩን አጭዶ አስጥቶ ጥቂት ደረቅ ቀን ካላገኘ ይሻግታል፤ ድርቆሽ ከሌለ ደግሞ በረዶው ሲወርድ ከብቱ አይተርፍም። ስለዚህ የገበሬው ጥያቄ «የበጋው አየር እንዴት ነው?» አልነበረም። ነገ ልጨድ ወይስ ከነገ ወዲያ? ይህችን ብቻ ነበር የሚፈልገው። እኛም ጤፍ አጭደን ክምር ላይ ሳናወጣው ሰማዩ ሲጠቁር የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቢያርክኔስ መልሱን ብቻውን ማግኘት እንደማይችል ያውቅ ነበር። ቴሌግራሙ ከተቋረጠ የባሕሩን ዳር ራሱ ማየት ነበረበት፤ ስለዚህ በየዳርቻው እየዞረ ዓሣ አጥማጆችን፣ የመብራት ቤት ጠባቂዎችንና የባሕር ጠረፍ ቃፊሮችን ተማጸነ። ዓሣ አጥማጅ ደመና ማንበብ ያውቃል፤ ካላወቀ አይመለስም። የሚያየውን በስልክና በቴሌግራም ወደ በርገን ይልክ ጀመር። የደቡብ ኖርዌይ የመመልከቻ ቦታዎች በአንድ በጋ በዐሥር እጥፍ ገደማ በዙ። ትንበያው ደግሞ በየዕለቱ ወደ ገበሬው ይመለስ ነበር።

ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። የቢያርክኔስ ልጅ ያኮብ፣ ሃልቮር ሶልበርግና ስዊድናዊው ቶር በርየሮን ካርታቸው ላይ እንዲያ ያለ የተጠጋጋ መረጃ ሲሰፍር ከዚያ በፊት ማንም ያላየውን አዩ። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ሲገናኙ ዝም ብለው አይደባለቁም፤ ጠርዝ ሠርተው ይጋፋሉ፤ ዝናቡ የሚወርደው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ጦርነቱ ገና ከሰው ልብ አልጠፋም ነበርና ጠርዙን «ግንባር» አሉት። ዛሬ በመላው ዓለም የአየር ትንበያ ካርታ ላይ ያለው ጥርሳም መስመር ከዚያ የመጣ ነው። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ የሊቃውንቱ ስም አለ። ዓሣ አጥማጆቹ የሉም። እኔ ግን ግኝቱ የእነሱም ነው እላለሁ። ገበሬው ጥያቄውን ባያጠራ፣ ዓሣ አጥማጁ ዓይኑን ባያበድር ጠርዙ አይታይም ነበር።

*

ኖርዌይን አሁን አመስግኜ እንዳልጨርስ የሚከለክለኝ ታሪክ አለ።

ከኦስሎ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ዬርድሩም የሚባል ወረዳ አለ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2020 ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ አስክ በሚባለው መንደር መሬቱ ቀልጦ ሄደ። የአካባቢው አፈር ድሮ ከባሕር ሥር የነበረ ሸክላ ነው፤ ጨው ታጥቦ ሲወጣለት አንዴ ከተነቀነቀ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተጠራርገው ወረዱ። 10 ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ በ2021 ባቀረበው ሪፖርት ዋናው ምክንያት በአጠገቡ የሚያልፈው ቲስቲልቤከን የተባለ ትንሽ ጅረት የሥሩን አፈር መሸርሸሩ እንደሆነ፣ ከባድ የመጸው ዝናብም እንዳባባሰው ገለጸ። ከአደጋው በኋላ ሌላም ነገር ወጣ። ስለ ጅረቱ መሸርሸር ለማዘጋጃ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ደርሶት የነበረው ከዓመታት በፊት፣ በ2008 ነበር።

ዓይን ነበረ። ጆሮ ጠፋ። ያየ ሰው ተናግሯል፤ የተናገረው ግን ካርታ ላይ አልሰፈረም፤ በማግሥቱ የሚመጣው መሐንዲስም አላገኘውም። በዓለም ላይ ሀብታም ከሚባሉት አገሮች በአንዱ፣ ዋና ከተማው አፍንጫ ሥር።

የአገሪቱ የውኃ ሀብትና ኢነርጂ ባለሥልጣን በኦስሎ ማዮርስቱዋ ሰፈር ነው ያለው። ጎርፍን፣ የመሬት መንሸራተትንና የበረዶ ናዳን የሚያስጠነቅቀው እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሬግኦብስ የሚባል ማንም ሰው የሚጽፍበት መድረክ አለው፤ ተራራ የወጣ፣ ድልድይ ያቋረጠ፣ ሐይቅ ላይ በረዶ የረገጠ ሰው ያየውን ከነፎቶው ያስገባል። በ2013 መጀመሪያ በይፋ የተጀመረው የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ያለ እነዚህ ዓይኖች ግማሽ ዕውር ይሆን ነበር። ጠዋት የበረዶውን ንብርብር ቆፍሮ ያየው መንገደኛ የጻፈውን ባለሙያው አንብቦ የነገውን አደጋ ይመዝናል። የጻፈው ሰው ቃሉ እንደተሰማ ያያል፤ ምክንያቱም ጽሑፉ በግልጽ ሁሉም የሚያየው ነው። ዬርድሩም ላይ የጠፋው ይህ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ራሱም ቋንቋውን ቀይሯል። ድሮ «በ24 ሰዓት ውስጥ 80 ሚሊሜትር» ይባል ነበር። ሰማንያ ሚሊሜትር ማለት ለእማወራዋ ምንድን ነው? ከ2018 ጀምሮ ሚቲዎሮሎጂ ተቋሙ ቢጫ፣ ብርቱካንና ቀይ ይላል፤ ከቀለሙ ጋር መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ ምድር ቤት ውኃ ሊገባው ይችላል ብሎ ውጤቱን ይናገራል። ነሐሴ 2023 ላይ «ሐንስ» የተባለው ከባድ ዝናብ ምሥራቅ ኖርዌይን ሲመታ ማስጠንቀቂያው ቀይ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ግሎማ ወንዝ ላይ ብራስከሬይድፎስ የተባለው የኃይል ማመንጫ ግድብ መዝጊያው አልከፈት ብሎ በከፊል ተደረመሰ፤ ከቀናት በኋላ የራንድክሌቭ የባቡር ድልድይ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ብረቱ ሲከዳ ቃሉ ሠርቷል።

ለፕላን ባለሙያዎችም እንዲሁ ነው። «የኖርዌይ አየር ንብረት በ2100» የሚለው ትልቁ ሪፖርት በ2015 ሲወጣ የአንዲት ትንሽ ወረዳ ፕላን ሠራተኛ ሁሉንም አንብባ ቱቦዋን ልታሰፋ አትችልም። ስለዚህ የኖርዌይ የአየር ንብረት አገልግሎት ማዕከል ለየክፍለ ሀገሩ ጥቂት ገጽ ያለው መግለጫ አዘጋጀ፤ ውስጡም የምትፈልገው ቁጥር ነበረበት፦ ለአጭር ጊዜ ዶፍ ስታሰሉ ቢያንስ 40 ከመቶ ጨምሩ። አንድ ቁጥር ነበር፤ ግን ቱቦ ይገዛበታል።

*

አሁን ስልኬን አውጥቼ ይር ላይ ደብረ ማርቆስን እፈልጋለሁ። አለች። የነገው ሙቀት፣ የነገው ዝናብ በየሰዓቱ ተጽፏል፤ ከኦስሎው ጋር አንድ ዓይነት ሥዕል፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጠብታ። ግን አንድ አይደለም። ለደብረ ማርቆስ የሚሰጠው ቁጥር የሚመጣው መላውን ዓለም በአንድነት ከሚያየው የአውሮፓ ሞዴል ነው፤ እሱ መሬቱን በ9 ኪሎ ሜትር ግድም ነው የሚቆርሰው። ከደጀን ተነስቶ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ከ2,400 ሜትር ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ምን ያህል ባጭር ርቀት እንደሚወርድ ያውቃል። ደጋውና በረሃው በአንድ ቁራጭ ውስጥ ሲገቡ ትንበያው ለሁለቱም ልክ ሊሆን አይችልም። የሚያርሙት በረንዳዎች ደግሞ የሉም።

በእኛ አገር ትንበያ የለም ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። ዘመኑ የማን ነው፣ የማቴዎስ ወይስ የዮሐንስ ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ አለ። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለው ብሂል ራሱ የአየር ንብረት አገልግሎት ነው፦ ተጠቃሚው የቀመረው፣ በልጅም በአዋቂም አፍ ላይ ያለ፣ ለዘር ለአጨዳ የሚረዳ። ችግሩ ሰማዩ ከብሂሉ ጋር የነበረውን ውል እያፈረሰ መሆኑ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው አንድ «አሳታፊ» ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከየቀበሌው ገበሬዎች መጥተዋል። የክረምቱ ትንበያ ቀረበ፦ ከመደበኛ በላይ ይህን ያህል ከመቶ፣ መደበኛ ይህን ያህል፣ ከመደበኛ በታች ይህን ያህል። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው ዝናቡ የሚገባው መቼ ነው፣ ከገባስ በኋላ ይቋረጥ ይሆን ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው የመቶኛውን ሠንጠረዥ ደግሞ አነበበላቸው። ምሳ በላን፤ አበል ተፈረመ፤ ተበተንን። እኔም ያንኑ ሠንጠረዥ ገልብጬ ጋዜጣ ላይ አወጣሁት። የአባትየውን ጥያቄ አልጻፍኩትም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጥያቄው የተሰማበት ቦታ ግን አገራችን ውስጥ አለ። በ2009 ትግራይ ውስጥ አዲ ሓ በምትባል መንደር 200 የሚሆኑ አባወራዎችና እማወራዎች ለጤፋቸው የዝናብ መድን ገዙ። መድኑ ቢሮ ውስጥ ተሠርቶ የወረደ አልነበረም። ኦክስፋም አሜሪካ፣ የትግራይ ማኅበረ ረድኤት፣ ስዊስ ሬ የተባለው የመድን ድርጅትና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀምጠው፣ ጨዋታ እየተጫወቱ ሳይቀር፣ ክፍያው የትኛውን የዝናብ ወቅት ይመልከት፣ ስንት ያህል ሲጎድል ይከፈል የሚለውን አብረው ቀመሩ። ሳተላይት የክፉውን ዓመት ዝናብ ሲናገር ገበሬው ክፉው ዓመት የትኛው እንደነበር ከራሱ ትዝታ ይመሰክራል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ቀመሩ ይታረማል። ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ፣ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሠርቶ ነበር ዓረቦኑን የሚከፍለው። በ2011 ዝናቡ ሲጎድል ከ1,800 በላይ ገበሬዎች በድምሩ ከ17,000 ዶላር ጥቂት የበለጠ ተከፈላቸው። ለአንድ ሰው ሲካፈል ትንሽ ነው። ግን ቃል ተጠበቀ፤ ገበሬውም ያን አየ። ከዓመታት በኋላ በክልሉ ላይ የወረደው ጦርነት ምን እንዳደረሰ አንባቢ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ቱፋ ድንቁ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ጋር በሠራው ሥራ የመሬት ላይ መለኪያዎችን ከሳተላይት ጋር አጋብቶ ጣቢያ ለሌለበት ቀበሌ ሳይቀር የአሥርት ዓመታት የዝናብ ታሪክ እንዲኖር አድርጓል። ሐሳቡ አዲስ አበባ ተፈትኖ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሄደ። ኖርዌይ ደግሞ በገንዘቧም፣ ኦስሎ ባለው ሲሴሮ በተባለው የአየር ንብረት ምርምር ተቋሟም ማላዊና ታንዛኒያ ውስጥ ገበሬውንና እረኛውን ያማከለ አገልግሎት ለመገንባት አግዛለች። ዕውቀቱ አለ ማለት ነው።

ዓይኑም አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ካሉት መለኪያዎች ብዙዎቹ ዝናብ ብቻ የሚለኩ ናቸው፤ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በጤና ጣቢያ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት ይቆማሉ። የሚያነባቸው በአነስተኛ አበል የሚሠራ የአካባቢው ሰው ነው። በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ወጥቶ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ያነባል፤ በሚሊሜትር ይጽፋል፤ ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ይልካል። ዓሣ አጥማጁና ባለ በረንዳው የሚሠሩትን ሥራ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ቁጥሩ ከሄደ በኋላ ወደ መንደሩ አለመመለሱ ነው።

ስለዚህ ለግብርና ጽሕፈት ቤቶችና ለቀበሌ ሊቀ መናብርት አንድ ልመና አለኝ። ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት የዕለቱ ቁጥር በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ካለፈው ዓመት የዚያው ቀን ቁጥር ጋር ጎን ለጎን። ጠመኔ ብቻ ነው የሚጠይቀው።